ለፊራስ የተለቀቀው ወንበር

ዓይን ሎዝ፣ ማርች 8 ቀን 1998

ልጄ ኢንዓም፣

ትናንት ሹክሪ ጸጉር ቤት ፊቴ በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ፣ ከኋላዬ ተራ የሚጠብቅ አንድ ሰው «አቡ ፊራስ ዘንድሮ ልክ የስልሳ ሦስቱ ምርጫ ሰውዬ ሆኗል» ሲል ሰማሁ። ምላጩ ጉሮሮዬ ላይ ስለ ነበረ ዞሬ ማንነቱን አላየሁም። ስለ አባትሽ ጤና ለጠየቅሽኝ ግን ከዚህ የተሻለ ምስክር ስለማላገኝ ቃሉን እንዳለ አስተላልፌልሻለሁ። የሰባ ስድስት ዓመት ሰው የአርባ አንድ ዓመት ሰው ሆነ ከተባለ፣ ሐኪም ምን ይጨምርበታል?

ሰላምታ ማስቀደም ነበረብኝ፤ ይቅር በይኝ። አንቺ፣ ባልሽ ኒኮላ፣ ልጆቹ እንዴት ናችሁ? አቢጃን ዝናቡ ጀመረ? ደብዳቤሽ ከደረሰኝ አምስት ሳምንት ሆኖታል። ዝም ያልኩት ወደ እናንተ የሚበር ሰው ስጠብቅ ነው። በመካከሉ ሁለት ሰዎች በርረዋል፤ አልሰማሁም ነበር።

አዎ፣ አባትሽ ይወዳደራሉ። ቤይሩት ያለው መንግሥት የማዘጋጃ ቤት ምርጫ የሚባል ነገር እንዳለ ከሠላሳ አምስት ዓመት በኋላ ትዝ ብሎታል። በመካከሉ ጦርነት ስለ ነበረ አልተቀየምነውም። አባትሽ ለጥቂት ዓመት ተመርጠው ሠላሳ አምስት ዓመት ከንቲባ ሆኑ፤ በአንድ ምርጫ ይህን ያህል የተጠቀመ መንደር ያለ አይመስለኝም። ተቃዋሚያቸው የሰርኪስ ልጅ ራጂ ነው፣ ከኩዌት የተመለሰው መሐንዲስ። ጨዋ ልጅ ነው። የሚሰቀለውን ፎቶግራፍ በተመለከተ አባትሽ የስልሳ ሦስቱን መርጠዋል፣ ጢማቸው ጥቁር የሆነበትን። ፎቶ አንሺው አዲስ ይነሡ ቢላቸው «እኔን ሁሉም ያውቀኛል፤ አዲስ ፊት ምን ያደርግልኛል?» አሉት። እውነታቸውን ነው።

ስለ ወንድምሽ ስለ ፊራስ ምንም የለም። በጦርነቱ ጊዜ ከዚያ ኬላ ላይ ከተወሰደ በመጪው ሴፕቴምበር አሥራ አምስት ዓመት ይሞላዋል። አባትሽ ዛሬም ወንበራቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ነው የሚቀመጡት።

በስልክ ስትጠይቂኝ አጭር መልስ የምሰጥሽ ስልኩ ያለው እሳቸው ጠረጴዛ ላይ ስለሆነ ነው። ከጥያቄዎችሽ ሁለተኛውን ለሌላ ቀን አቆይቼዋለሁ።

የአባትሽ ጸሐፊ፣
ሚትሪ


አቢጃን፣ ማርች 27 ቀን 1998

የተከበሩ አጎቴ ሚትሪ፣

እግዚአብሔር ጤናዎን ይጠብቅልን። እኛ ደህና ነን። ዝናቡ ገና ነው።

ሙሉ ሁለት ገጽ ጻፉልኝ፤ ሩቡ ስለ ሳሙና ነው። አጎቴ፣ እርስዎ ሲዋሹ እንደ መዝገብ ጸሐፊ ነው የሚዋሹት፤ እውነቱን ሁሉ በሥርዓቱ ያሰፍሩና አንዲት መስመር ይዘልላሉ። ሁለተኛውን ጥያቄ አባቴን የምታስታምመው አክስቴ ናጅላ መለሰችልኝ፣ ያውም ሳልጠይቃት። ፊደሏ እንደ ዶሮ ጭረት ቢሆንም አንብቤዋለሁ። ምሳ ላይ አባቴ «ሚስቴ የት ሄደች?» ብሎ ይጠይቃታል። እሷም «ገበያ ናት» ትለዋለች። እናቴ ከሞተች ሰባት ዓመቷ ነው። «ታዲያ ምን ልበለው?» ትላለች ናጅላ፤ «ሞታለች ያልኩት ዕለት እንደ አዲስ አለቀሰ፤ በየቀኑ ባሏን ማስለቀስ ለእሷም ነውር ነው።» ከዚያ ወረድ ብላ «ምርጫውን ያሸንፋል፤ እኔን ግን ሸሚዝ መቆለፍ ሰልችቶኛል» ብላለች።

ስለዚህ በትሕትና እለምንዎታለሁ፤ የዘለሏትን መስመር ይጻፉልኝ።

በስልክ ለምን አትመጪም ላሉኝ፣ ልጆቹ ፈተና አለባቸው። ሌላም ምክንያት አለ፤ በደብዳቤ አይሆንም።

ልጅዎ ኢንዓም


ዓይን ሎዝ፣ ኤፕሪል 22 ቀን 1998

ልጄ ኢንዓም፣

ክርስቶስ ተነሥቷል። ናጅላ የቀባቻቸውን ቀይ እንቁላሎች ስናጋጭ የአባትሽ የሁላችንንም ሰበረ፤ በጣም ተደሰቱ። ይህን ያስቀደምኩት የሚከተለው ደስ ስለማይል ነው።

መስመሯ ይህች ናት። ከትንሣኤ በፊት በነበረው ሳምንት የቤት ለቤት ጉብኝት ጀመርን። ደንቡን ታውቂዋለሽ፤ እንግዳ ቡና ሲቀርብለት ስኒውን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል፣ ባለቤቱ የጠየቀውን ቃል እስኪሰጠው አይጠጣም። አባትሽ በዚህ አገሩ ያውቃቸዋል፤ አንድም ስኒ በርዶባቸው አያውቅም። አሥራ አንድ ቤት በሰላም ገባን። አሥራ ሁለተኛው የኡም ሰሊም ቤት ነበር። አባትሽ ስኒውን አስቀመጡና «አቡ ሰሊም ራሱ ቃል ካልሰጠኝ አልጠጣም፤ ከወይራ መጭመቂያው እስኪመለስ እጠብቃለሁ» አሉ።

ባሏ አቡ ሰሊም በሰባ ስድስት ዓ.ም. ነው የተቀበረው። በቀብሩ ላይ የተናገሩት አባትሽ ናቸው፤ ንግግሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

እኔ መጋረጃውን አየሁ። ኡም ሰሊም እኔን አየችኝ። ከዚያ ወደ ጓዳ ገባች፣ ጥቂት ቆየች፣ ተመልሳ በሩ ላይ ቆመችና «ጠጣ አቡ ፊራስ፤ ቃሉን ሰጥቶሃል» አለች። ጠጡ። ስንወጣ በጆሮዬ «ስንት ቤት እንዲህ አደረገ?» አለችኝ። የመጀመሪያው ነው አልኳት። ቀጥሎ ግን ሌሎች አራት ሆኑ፤ በአራቱም ሙታኑ ቃል ሰጥተዋል። እንዲህ ያለ ዘመቻ ማን ያሸንፈዋል?

ሆሣዕና ዕለት ደግሞ ትምህርት ቤቱ ግቢ ንግግር አደረጉ። ለመንደሩ መብራት እንደሚያስገቡ ቃል ገቡ። ይህን ቃል የገቡት በስልሳ ሦስት ነው፣ የፈጸሙትም በስልሳ ስድስት። ነገር ግን በዚህ ጸደይ መብራት በቀን ስድስት ሰዓት ብቻ ስለሚመጣ፣ ሕዝቡ ዘንድሮ ከተነገረው ሁሉ ትኩስ ሐሳብ ይህ ነው ብሎ ከሁሉ አስበልጦ አጨበጨበ። ከራጂ ወገን አንዱ ሊያሾፍባቸው ፈልጎ «ስልክስ አቡ ፊራስ?» ሲል ጮኸ። «ስልክ ለማን ልትደውልበት ነው? እናትህ ከሰገነት ሆና ስትጠራህ እስከ ባሕሩ ይሰማ የለ?» አሉት። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ልጄ፣ ያን ጊዜ በእውነት የስልሳ ሦስቱ ሰውዬ ነበሩ። ጸጉር ቤት የሰማሁትን በደንብ የተረዳሁትም ያን ጊዜ ነው።

ራጂ ማታውን ቤቴ መጣ። «አጎቴ፣ ለሚናገረው ሁሉ መልስ አዘጋጅቼ ነበር፤ ለስልሳ ሦስት ግን መልስ የለኝም» አለ። «ያሸንፈኛል። ካሸነፈኝ በኋላስ ምን ይሆናል?»

ምን እንደሚሆን ልንገርሽ። ማንም ወረቀት ይዞ ቢመጣ ይፈርማሉ። ባለፈው ሐሙስ የመቃብሩን ቦታ እኩሌታ ለወይራ መጭመቂያ ማስፋፊያ ፈቅደው አገኘኋቸው። ወረቀቱን በላሁት ማለት ይቻላል። ዛሬ እኔ አለሁ፤ እኔም ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ከተመረጡ የሥልጣን ዘመኑ ስድስት ዓመት ነው። መንደሩ እስከ አሁን እየተባበረ ይሸፍናቸዋል። አንድ ቀን ግን ከአውራጃ የመጣ ሰው ፊት መሸፈኛው ይወልቃል፤ ያን ዕለት ሰው የሚያስታውሰው ሠላሳ አምስቱን ዓመት አይሆንም።

እኔን ያውቁኛል ወይ ብለሽ ታስቢ ይሆናል፤ ያውቁኛል። በስሜ ይጠሩኛል። አንዳንድ ጊዜ ግን ስለ አባቴ ጤና ይጠይቁኛል።

ሚትሪ


አቢጃን፣ ሜይ 5 ቀን 1998

አጎቴ፣

እንዲወርድ ያድርጉልኝ። በሕጉ እስከ መቼ ራሱን ማግለል እንደሚችል እርስዎ ያውቃሉ። ሰው ሳይስቅበት፣ ሰው ሳያዝንለት፣ በገዛ እጁ ይውረድ። ይህን ከእርስዎ በቀር የማምነው የለኝም። እኔ ስልክ ደውዬ ሞከርኩ፤ «አንቺ የባልሽ መንደር መዝገብ ውስጥ ነሽ፤ የእኛ ምርጫ አያገባሽም» ብሎ ሳቀብኝ። ሕጉን ከእኔ ይልቅ ያስታውሰዋል።

እዚያ መሆን የነበረብኝ እኔ ነኝ። ይቅርታ መጠየቁ ለእርስዎ እንደማይበቃ አውቃለሁ።

እንዴት እንዳደረጉት ግን አይንገሩኝ።

ኢንዓም


ዓይን ሎዝ፣ ሜይ 19 ቀን 1998

ልጄ ኢንዓም፣

ወርደዋል። እንዴት እንደሆነ እንዳልነግርሽ ብለሻል፤ እኔ ግን ሠላሳ ዓመት ቃለ ጉባኤ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ውሳኔን ያለ ውይይቱ መጻፍ አልችልበትም።

ሐሙስ ከምሳ በኋላ ቤት ሄድኩ። በኪሴ ሦስት ምክንያቶች ጽፌ ይዣለሁ፤ ጤና፣ ዕረፍት፣ የካህኑ ምክር። ናጅላ ቡና አቀረበችልን። እኔ ስኒውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። በሠላሳ ዓመት እሳቸው ፊት እንዲህ አድርጌ አላውቅም። የሚስታቸውን ሞት የረሱ ሰው ይህን ወዲያው አዩት።

«ጠጣ እንጂ፣ በረደ» አሉኝ።

«ቃል ሳይሰጡኝ አልጠጣም።»

«አንተ ደግሞ ከእኔ ዘንድ ምን ጎደለብህ?»

«ከውድድሩ ይውጡልኝ፣ አቡ ፊራስ።»

ወደ መንገዱ ዞሩ። አንድ የጭነት መኪና አለፈ። እሱ እስኪርቅ ጠበቁና «ሰው ወንበር የሚለቀው ለሰው ነው» አሉ። «ባዶ ቦታ ትቶ የሚሄድ የለም። ለማን ልልቀቅ? ለሰርኪስ ልጅ?»

ኪሴ ውስጥ ሦስት ምክንያቶች አሉ፤ አንዱም አልወጣም። ይህን ሰው ሁላችንም በልጁ ስም ነው የምንጠራው። እኔም በስሙ ጠርቼያቸው ስለ ነበር ስሙ አፌ ላይ ነበረ።

«ለፊራስ» አልኩ።

ረጅም ጊዜ አዩኝ። አስተያየታቸውን ሁሉ አውቃለሁ፤ የቁጣውን፣ የሹፈቱን፣ በቅርቡ ደግሞ የጠፋበትን ሰው። ይህኛውን ግን አላውቀውም። «ፊራስ» አሉ። «እሺ። ፊራስ ከእኔ ይሻላል።» ብዕር ጠየቁ። ወረቀቱን ዘርግቼ «ለልጄ ለፊራስ» ብዬ መጻፍ ስጀምር እጄን ያዙት።

«ወረቀቱ ላይ ስሙን እንዳታስገባ።»

«ለምን?»

«ሚትሪ፣ ያልኩህን ጻፍ።»

በጤና ምክንያት ብዬ ጻፍኩ፤ ፈረሙ። የቆየ የቢሮ ብልሃታቸው ነው ብዬ ደስ አለኝ፤ በመንግሥት ወረቀት ላይ ከሚያስፈልገው በላይ ቃል አስፍረው አያውቁም። «በል አሁን ጠጣ» አሉኝ። ጠጣሁ። ቀዝቅዞ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግን ሳልጠይቃቸው የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ቆሙ። ሕዝቡ መብራት የሚጨምሩልን መስሎት ተሰበሰበ። «ወገኖቼ፣ እኔ በቃኝ፤ ወንበሩን ለልጄ ለፊራስ ለቅቄለታለሁ» አሉ። ከዚያ ሹክሪ አጨበጨበ፤ ከዚያ ኡም ሰሊም፤ ከዚያ ሁሉም። ራጂ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ መሬት መሬት ያይ ነበር።

ማንም አልሳቀም። ማንም ያዘነ አልመሰለም። እንዳዘዝሽው ነው የሆነው።

ነገሩ እዚያው ግቢ ውስጥ የሚቀር መስሎኛል።

ሚትሪ


አቢጃን፣ ሜይ 30 ቀን 1998

አጎቴ ሚትሪ፣

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው አለቀስኩ፣ በሁለተኛው አንድ ነገር ልነግርዎ ወሰንኩ። አልተቆጣሁም። እንዲወርድ ለምኜዎ ነበር፣ አወረዱልኝ፤ አመሰግናለሁ።

አጎቴ፣ ፊራስ የለም። በተወሰደበት ቀን፣ ያውም ከሰዓት በኋላ ሳይደርስ ነው የገደሉት። ኒኮላ በሰማንያ አራት ቤይሩት ሄዶ እዚያ ኬላ ላይ የነበረ አንድ ሰው አገኘ። ሰውየው ቦታውንም ነገረው፤ የፊራስን የዩኒቨርሲቲ መታወቂያም ሰጠው። መታወቂያው አሥራ አራት ዓመት ሙሉ በመስፊያ ሣጥኔ ውስጥ አለ። እናቴ ሳታውቅ ሞተች። አባቴ ደግሞ፣ ያው ወንበሩን ወደ መንገዱ እንዳዞረ።

ሌላው ምክንያት ይህ ነው። ልጆቹ በየዓመቱ ፈተና የለባቸውም። አባቴ ፊት ቁጭ ብዬ «ወሬ አለ?» ሲለኝ «የለም» ማለት አልችልም። በስልክ እችላለሁ።

እርስዎ ሳያውቁ ወንበሩን ለሞተ ሰው አስለቀቁት። ይሁን። ቢያንስ አባቴ ለአንድ እሑድ ልጁን ከንቲባ አድርጎ አይቶታል። ማን ይህን ሰጠው?

ስለ ቀኑ ይጻፉልኝ። ነገ ምርጫው ነው።

ኢንዓም


ዓይን ሎዝ፣ ጁን 10 ቀን 1998

ልጄ ኢንዓም፣

ስለ ፊራስ የጻፍሽልኝን አንብቤ ደብዳቤውን አቃጠልኩት። ይህን ሁሉ ዓመት ብቻሽን ይዘሽው መኖርሽን ሳስብ የምጽፈው ጠፋኝ፤ ስለዚህ ስለ ምርጫው እጀምራለሁ።

ራጂ አሸነፈ። እኔ አልመረጥኩም፤ መዝገቤ ያለው አያቴ በተወለዱበት መንደር ነው፣ እዚያም በዕድሜዬ አራት ጊዜ ሄጃለሁ። ሠላሳ ዓመት ያገለገልኩት ማዘጋጃ ቤት በእንግድነት ነው የሚያውቀኝ። ራጂ አሸናፊነቱ እንደ ተነገረ መጀመሪያ የሄደው አባትሽ ዘንድ ነው፤ እጃቸውን ሳመ። «የማን ልጅ ነህ?» አሉት። ነገራቸው። «አባትህን አሸንፌው ነበር» አሉ፤ አሁንም እውነታቸውን ነው።

ነገሩ ግቢው ውስጥ አልቀረም፣ ኢንዓም። ከዓይን ሎዝ የሰማ ለታችኛው መንደር ነገረ፤ ታችኛው መንደር ለከተማው። ወሬው መንገድ ላይ ጥቂት ተለወጠ። «ለፊራስ ለቀቀለት» ያልነው «ፊራስ ተመልሷል» ሆነ። ደግሞስ ምን ይፈረድባቸዋል? በዚህ አገር አባት ለልጁ ወንበር ሲለቅ ልጁ አጠገቡ ቆሞ ነው።

ምርጫው ባለፈ በሦስተኛው ቀን ሰባት ሴቶች መጡ። በሁለት መኪና ተጭነው ነው የመጡት። እያንዳንዷ ፎቶግራፍ ይዛለች። ናጅላ ምን እንደሚፈልጉ ሳታውቅ ቡና አፈላች፤ እንግዳ ነው፣ ምን ታድርግ። ሰባቱም ስኒያቸውን ተቀበሉ፣ ሰባቱም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

ያን ጊዜ ገባኝ።

በዕድሜ የምትበልጠዋ ሐጃ ረሽዲያ ነበረች፣ ከወንዙ ማዶ። ልጇ የተወሰደው ፊራስ በተወሰደበት ወር ነው። «አቡ ፊራስ፣ እንኳን ደስ ያለህ» አለች። «ልጅህን አናስቸግረውም። ደክሞት ከሆነ ይተኛ። አንድ ቃል ብቻ ይበለን፤ የኔን አይቶት ከሆነ። ቀጭን ነው፣ እዚህ ጋ ጠባሳ አለው።»

አባትሽ ፎቶግራፎቹን አንድ በአንድ ተቀበሉ። የእያንዳንዱን ስም ጠየቁ፣ ዕድሜውን ጠየቁ፣ ስሙን ደግመው ጠሩት። አንዱንም አልተሳሳቱም። ይህን የምጽፍልሽ ስለ ገረመኝ ነው፤ ያን ጠዋት የእኔን ስም ተሳስተው ነበርና።

በመጨረሻ ተነሥቼ ቆምኩ። «እናቶቼ፣ ፊራስ አልተመለሰም» አልኩ። «ጥፋቱ የኔ ነው። እሳቸው ከውድድሩ እንዲወጡልኝ ስሙን የጠራሁት እኔ ነኝ።»

አንዷ ፎቶግራፏን በመሐረብ መጠቅለል ጀመረች። ሐጃ ረሽዲያ ግን አልተነሣችም። «አይሆንም» አለችኝ፤ ቁጣ የለባትም፣ ሒሳብ የተሳሳተ ሰው እንደምታርም ነው። «አባት እኮ ነው። አባት በሌለ ልጁ እንዲህ አይጫወትም። የት ደብቃችሁት ነው?» ሁለት ሴቶች ክንዷን ይዘው ወደ መኪናው ወሰዷት።

ሰባቱ ስኒዎች እንደ ሞሉ ቀሩ። ናጅላ መጀመሪያ ሰደበችኝ፤ ቃል በቃል አልጽፈውም፣ ረጅም ነው። ከዚያ ስኒዎቹን አንድ በአንድ ወደ ገንዳው ደፋች። አባትሽ «ለምን ሳይጠጡ ሄዱ?» ብለው ጠየቁኝ። ቡናው መሯቸው ነው አልኩ። «ታዲያ ስኳር አትጨምሩላቸውም ነበር?» አሉ፤ ከዚያም ወንበራቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ።

ያን ቃል ከመናገሬ በፊት ምላሴን በነከስኩት። አንቺ አባትሽን ያለ ኀፍረት እንዳወርድልሽ ነበር የጠየቅሽኝ፤ እኔ ኀፍረቱን ለሰባት እናቶች አከፋፈልኩት። ይቅር በይኝ አልልሽም፤ ይቅርታው ያለው አንቺ ዘንድ አይደለም።

ሚትሪ


አቢጃን፣ ጁን 25 ቀን 1998

አጎቴ፣

ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ አይደለም። እኔ በሰማንያ አራት ተናግሬ ቢሆን ኖሮ እርስዎ ያን ስም ባልጠሩት፤ እነዚያ ሴቶችም ባልመጡ። ሰባቱን እኔ ነኝ የጠራኋቸው።

አሁን አንድ ነገር ያድርጉልኝ። ከሦስት ዓመት በፊት የወጣው ሕግ የጠፋ ሰው በቤተሰቡ ጥያቄ እንደ ሞተ እንዲመዘገብ ይፈቅዳል። ውክልናዬን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ፣ መታወቂያውንም። አውራጃው መዝገብ ቤት ሄደው ፊራስን ያስመዝግቡልኝ። ያን ጊዜ ማንም «ተመልሷል» ቢል የሚታይ ወረቀት ይኖራል፤ ለሐጃ ረሽዲያም ያሳዩልኝ።

አንድ ነገር ብቻ፣ በእናቴ ነፍስ ይዤዎታለሁ፤ አባቴ እንዳይሰማ። ለናጅላም አይንገሩ፤ እሷ ምሥጢር የምትጠብቀው እስከ በሩ ድረስ ነው። አባቴ ልጁ እንዳለ ሆኖ ይሙት። ይህን ያህል ዓመት ያቆየሁለት ብቸኛ ነገር ይህ ነው።

በኦገስት እመጣለሁ። ልጆቹን አላመጣም። ወሬ አለ ሲለኝ ምን እንደምለው እዚያ ስደርስ አያለሁ።

ኢንዓም


ዓይን ሎዝ፣ ጁላይ 14 ቀን 1998

ልጄ ኢንዓም፣

ውክልናሽና መታወቂያው በደህና ደርሰውኛል። መታወቂያውን ስከፍት ፊራስ በዚያ በተጨማደደ ሸሚዙ ሳቀብኝ። ሸሚዙን አውቀዋለሁ፤ እናትሽ ተኩሺው ብትባል «ዩኒቨርሲቲ የሚተኩስ የለም» ብላ የተወችው ነው።

በኦገስት መምጣትሽን ለናጅላ ነግሬያታለሁ፤ ፍራሹን ፀሐይ ላይ አውጥታዋለች። አባትሽ ደህና ናቸው። ምግብ ይበላሉ፤ ከሰዓት በኋላ ራጂ እየመጣ የማዘጋጃ ቤቱን ጉዳይ ያማክራቸዋል። የሚመልሱለት ስለ ስልሳ ሦስት ቢሆንም ሁለቱም ደስ ይላቸዋል። ሰኞ ዕለት የውሃውን ቧንቧ በየት በኩል እንደሚዘረጉት ነግረውታል፤ ቧንቧው ያለው እዚያው ነው።

ያዘዝሽውን ለመፈጸም ትናንት አውራጃው ሄድኩ። ለናጅላ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ነው የምሄደው ብያታለሁ። መዝገብ ቤቱ ያለው ሰው ወጣት አይደለም፣ ተግባቢም አይደለም። ማመልከቻሽን ተቀበለኝ፣ ውክልናሽን አገላብጦ አየ፣ የመንደራችንን መዝገብ ከመደርደሪያው አወረደ፣ የእናንተን፣ የነውፈልን ቤተሰብ ገጽ ገለጠ። ከዚያ ወረቀቶቹን መለሰልኝና «ይህ አያስፈልግም» አለኝ። ሕጉ ተለውጦ ይሆናል ብዬ ምክንያቱን ጠየቅኩት። መነጽሩን አውልቆ መዝገቡን ወደ እኔ አዞረው። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ አዛውንት ብቻቸውን በአውቶቡስ መጥተው እንደ ነበር፣ ለመንደሩ ግልባጭ እንዳይላክም እንደ ለመኑት ያስታውሳል።

ወረቀቶችሽን ይህን ደብዳቤ በሚያመጣልሽ ሰው እጅ መልሼልሻለሁ። መዝገቡ ላይ ያለውን እንደ ሥራዬ ልማድ ቃል በቃል ገልብጬዋለሁ።

ፊራስ ወዲዕ ነውፈል፣ የተወለደ 1958፣ ሟች። የተመዘገበበት ቀን ኦገስት 23 ቀን 1995። አመልካች፦ አባት።